የብርሃን ክር ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በመጨረሻው ክፍል ተማሪ የተነገረ)



በዛሬው በዓል ላይ እንድንናገር ዕድል በተሰጠን ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ ሥልጣኔ በጠቅላላው ለመናገር ነበር። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ንግግር ለተናጋሪው ቀላል፣ ለሰሚው ግን ጥቅሙ ጥቂት መሆኑን ስለ ተረዳን፣ አንድ ትንሽ ነገር መርጠን በእርሱ ላይ ለመቆየት ወሰንን። ይኸውም ፋይበር የሚባለው የኢንተርኔት መስመር ወደ መኖሪያ ቤት ከመግባቱ በፊት ቤተ ሰቡ ምን ማሰናዳት እንደሚገባው ነው።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለውን ተረት የማያውቅ በመካከላችን የለም። እኛ ግን ትርጉሙን በሚገባ የተማርነው ባለፈው ክረምት ዲላ ከተማ ከአክስታችን ቤት በሰነበትንበት ጊዜ ነው። ታሪኩን ከመንገራችን በፊት ስለ መስመሩ ጥቂት እንበል።

በአገራችን የስልክ ታሪክ የሚጀምረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1894 ሲሆን፣ የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ድምፅ ከከተማ ወደ ከተማ የተጓዘው በሽቦ ላይ በኤሌክትሪክ ነው። ኢንተርኔትም በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ ወደየቢሮውና ወደየቤቱ የደረሰው በዚያው በስልክ ሽቦ ነበር። ሽቦ ግን ርቀት ያደክመዋል፤ ቤቱ ከጣቢያው በራቀ መጠን ፍጥነቱ ይቀንሳል።

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1966፣ በሻንጋይ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ቻርልስ ካኦ የተባለው መሐንዲስ ከባልደረባው ከጆርጅ ሆክሃም ጋር አንድ ጽሑፍ አወጣ። በጽሑፉም መስታወት እጅግ ንጹሕ ሆኖ ቢሠራ ብርሃን መልእክት ይዞ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊሄድበት እንደሚችል አስረዳ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1970 ኮርኒንግ በተባለው የአሜሪካ የመስታወት ኩባንያ እንዲህ ያለው ክር ተሠራ። ካኦም በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ፋይበር የምንለው ይህንኑ የመስታወት ክር ነው። ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር ሺሕኛ 125 ጊዜ ያህል ነው፤ ከጠጕር ብዙም አይበልጥም። ብርሃኑ የሚሄድበት መካከለኛው ክፍል ደግሞ ከዚያው ሺሕኛ ወደ 9 ያህሉ ብቻ ነው። ብርሃኑ ወደ ጐን ሊወጣ ሲል ከዳሩ ላይ እየነጠረ ይመለሳል፤ እንዲህ እያለ በመስታወቱ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ዲላ ያለውን ወደ 360 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ፣ ክሩ መንገዱን ተከትሎ ቢዘረጋ፣ ከሴኮንድ ሺሕኛ ሁለት እጅ ባልሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል ማለት ነው። እኛ በአውቶቡስ ቀኑን ስንፈጅበት!

እንግዲህ ወደ አክስታችን ቤት እንመለስ። አክስታችን መስመሩ እንዲገባላቸው ተመዝግበው ቀኑን ይጠባበቁ ነበር። እኛም ስለ ነገሩ ጥቂት አንብበናልና በኵራት ቤቱን ማሰናዳት ጀመርን። ግድግዳውን ለካን፤ መሣሪያው የሚቀመጥበትን መደርደሪያ ሠራን፤ ጠረጴዛውን አዘጋጀን። በተባለው ቀን ጧት ሠራተኞቹ መሰላላቸውንና የገመድ ጥቅላቸውን ይዘው መጡ። የማከፋፈያው ሣጥን ያለበት ምሰሶ ግን ከጐረቤት ግቢ ማዶ ነበር። ስለዚህ ገመዱ የግድ በጐረቤት ጓሮ ላይ ማለፍ ነበረበት። መሰላሉ ከአጥሩ ላይ እንደ ተደገፈ ሽማግሌው ጐረቤት ወጥተው፣ «ልጆቼ፣ ማንን ጠይቃችሁ ነው በጓሮዬ ላይ ገመድ የምትዘረጉት?» ሲሉ ጠየቁ።

መልስ የሚሰጣቸው ሰው አልነበረም። ሁለቱ ቤቶች ሰላምታ ካቋረጡ አምስት ዓመት አልፏቸው ነበርና። ሠራተኞቹም ጐረቤት ማስታረቅ ሥራቸው ስላልሆነ ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። ሁለተኛው ተራ የደረሰን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ሦስት ሳምንት ለአንዳንድ ሰው ምንም አይደለም። የአክስታችን ልጅ ግን እንደ እኛው ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምትሰናዳ ተማሪ ናት። በዚያ ክረምት በኢንተርኔት የሚሰጥ የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርት ትከታተል ነበር። ይህ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት መጀመሩን ታስታውሳላችሁ፤ እርሷም የኮምፒዩተሩ ቍልፎች እጇን እንዲለምዱት ትፈልግ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት በሰዓት እየከፈለች ከሰው ሱቅ ትማር ጀመር። ዝናብ ሲጥልና ሲመሽ መሄድ ስለማትችል ዘጠኝ ትምህርት አመለጣት። አክስታችን ይህን ባዩ ጊዜ አንድ ማታ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ግድግዳዬን አሰናድቼ ጐረቤቴን ረሳሁ» አሉ።

በማግስቱ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችን ይዘው ወደ ጐረቤቱ ቤት ሄዱ፤ እኛም ተከተልን። ቡና ተፈላ። ሽማግሌው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ ገመዱ አይደለም የከበደኝ፤ ውኃው ነው» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነበር። አክስታችን ቤታቸውን አዲስ ቆርቆሮ ባለበሱት ጊዜ የጣራው ውኃ ወደ እርሳቸው ጓሮ መውረድ ጀምሮ፣ በየክረምቱ የእንሰታቸውን ሥር ያጥበው ነበር። አንድ ቀን ተናግረው፣ መልስ በማጣታቸው ዝም አሉ። ዝምታውም አምስት ዓመት ቆየ።

እኛ ልጆቹ በማግስቱ ዶማና አካፋ ይዘን ውኃው ወደ መንገዱ ቦይ የሚወርድበትን መሄጃ ቈፈርን። ሁለት ቀን ፈጀብን፤ እጃችንም አበጠ። በሁለተኛው ቀን ሽማግሌው ራሳቸው ከአጥሩ አጠገብ ቆመው፣ «ገመዱን በአቮካዶው ሥር እንዳታሳልፉት። ፍሬ በያዘ ጊዜ ንፋስ ሲመጣ ቅርንጫፉ ይሰበራል። በአጥሩ በኩል አዙሩት» ብለው መንገዱን አሳዩን። እኛ በመለኪያ ያላየነውን እርሳቸው ዛፉን ስለሚያውቁት አዩት። ሠራተኞቹ በተመለሱ ጊዜ ሥራው ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ከዚህ የተማርነውን በተራ እንንገራችሁ።

አንደኛ፤ የማሰናዳቱ ሥራ የሚጀመረው ከቤት ውስጥ ሳይሆን ከምሰሶው ነው። ከመመዝገባችን በፊት የማከፋፈያው ሣጥን የት እንዳለ እንጠይቅ፤ ከዚያ እስከ ቤታችን በእግራችን እንሂድ፤ ገመዱ በማን ግቢ፣ በየትኛው ዛፍ ሥር፣ በየትኛው መኪና መግቢያ ላይ እንደሚያልፍ እንይ። ባለግቢውንም አስቀድመን በሰላም እናስፈቅድ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ ግድግዳ ከመበሳቱ በፊት የባለቤቱን ፈቃድ መቀበል ይገባል።

ሁለተኛ፤ የመስታወት ክር እንደ ሽቦ አይታሰብ። ሽቦ ቢታጠፍ ይሠራል፤ ይህ ክር ግን በኀይል ከታጠፈ ብርሃኑ ከመንገዱ ይወጣል፣ ክሩም ይሰበራል። ለመለኪያ ያህል ከቡና ሲኒ አፍ በጠበበ ክብ አትጠምዝዙት። ቢበጠስም ሁለቱን ጫፍ በእጅ አጣምሮ መቀጠል አይቻልም፤ በልዩ መሣሪያ በሙቀት የሚያያይዘው ባለሙያ ነው። የተረፈውን ገመድ በምስማር ላይ ማንጠልጠል፣ ልብስ ማስጫ ማድረግ፣ አይጥ በሚመላለስበት ኮርኒስ ውስጥ ያለ መሸፈኛ መተው ሁሉ ነገ ወጪ ያመጣል። በተለይ ለታናናሾቻችን የምናስጠነቅቀው፣ በክሩ ጫፍ ውስጥ በዓይን እንዳይመለከቱ ነው። ብርሃኑ ዓይን የማያየው ዓይነት ስለሆነ የጠፋ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ዓይንን ሊጐዳ ይችላል።

ሦስተኛ፤ ግድግዳው የሚበሳው ከውስጥ ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ተደርጎ ነው። አለበለዚያ የዝናቡ ውኃ ገመዱን ተከትሎ ወደ ቤት ይገባል። ገመዱም ከቀዳዳው በታች ጥቂት ወርዶ ተመልሶ እንዲገባ ይደረግ፤ ያን ጊዜ ውኃው ከታች ይንጠባጠባል። የእኛ አገር ዝናብ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ቀዳዳው በማገሩና በቋሚው መካከል ይሁን፤ ከዚያም በደንብ ይመረግ።

አራተኛ፤ የመሣሪያው ቦታ ይታሰብበት። የድሮው የሽቦ ስልክ ኀይሉን ከጣቢያው በሽቦው ይቀበል ስለ ነበር መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። መስታወት ግን ኤሌክትሪክ አያመጣም። ስለዚህ መሣሪያው ሶኬት አጠገብ መሆን አለበት፤ መብራት ሲጠፋም ይቆማል። ዐቅም ያለው ለዚሁ የሚሆን ትንሽ ባትሪ ቢገዛ መልካም ነው። ዋይፋይ የሚያሰራጨው መሣሪያም በቤቱ መካከል፣ ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጥ እንጂ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከፍሪጅ ጀርባ አይደበቅ፤ ብረት ሞገዱን ይከለክለዋልና። የይለፍ ቃሉንም በዚያው ቀን መለወጥ አይዘንጋ።

አምስተኛ፤ በገንዘብና በአጠቃቀም ነገር ቤተ ሰቡ አስቀድሞ ይስማማ። ማስገቢያው ስንት ነው? በየወሩስ ስንት ይከፈላል? መሣሪያው ቢበላሽ የማን ነው? ከቤቱ ብንለቅስ? ይህ ሁሉ ከመፈረም በፊት ይጠየቅ። ደግሞም መስመሩ ለማን ጥናት፣ በስንት ሰዓት እንደሚውል ካልተወሰነ፣ ፈጥኖ የመጣው ነገር ፈጥኖ ጊዜያችንን ይወስደዋል። ይህን የምንለው ወላጆቻችንን ደስ ለማሰኘት አይደለም። እኛ ተማሪዎች መጽሐፍ ከፍተን ስልክ ስናይ የምናመሽ መሆናችንን ራሳችን እናውቃለን።

አሁን ወደ ፍስሐ ገነታችን እንምጣ። የምንኖርበት ምድር ባዶ ሜዳ አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን እንሰቱን፣ ቡናውን፣ ከላይም ትልልቁን ዛፍ በአንድ መሬት ላይ አብረው ሲያለሙ ኖረዋል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በእንዲህ ያለ አገር ቤት ከቤት፣ ጓሮ ከጓሮ የተያያዘ ነው። የአንዱ ገመድ በሌላው ቡና ላይ ሳያልፍ ወደ ቤቱ ሊደርስ አይችልም። ለገመድ ተብሎ የጥላ ዛፍ ቢቈረጥ፣ ያተረፍነው ምን እንደ ሆነ እናስብ። ገመዱ ዛፉን ይዙር እንጂ ዛፉ ለገመዱ አይውደቅ።

በመካከላችን ይህን መስመር ለማስገባት ዐቅም ያለው ቤተ ሰብ ጥቂት መሆኑንም አንረሳም። ከእኛ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ ስልክ የሌለው አለ፤ ስልክ ኖሮት ለኢንተርኔት የሚከፍለው ያጣም አለ። ፈተናው ግን ለሁላችን አንድ ነው። ስለዚህ መስመሩ የሚገባለት ቤት አስቀድሞ ከሚያሰናዳቸው ነገሮች መካከል አንድ ተጨማሪ ወንበር ይኑርበት እንላለን። ገመዱ በጓሮው ላይ ያለፈበት ጐረቤት ልጅ በሳምንት ሁለት ማታ መጥቶ ቢያጠናበት፣ ብርሃኑ አይጐድልም።

በዲላ ያየነውም ይህንኑ ነው። መስመሩ በገባ በሦስተኛው ቀን ማታ በሩ ተንኳኳ። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ደብተሩን ይዞ ቆሞ ነበር። «አባባ፣ ሂድና ጠይቃቸው ብለውኝ ነው» አለ። አክስታችን አስገቡት። የአክስታችን ልጅ ያመለጧትን ዘጠኝ ትምህርቶች ከመጀመሪያው ጀምራ ስትከታተል፣ እርሱም ከጐኗ ተቀምጦ አብሯት ተማረ። እኛ ወደ ፍስሐ ገነት በተመለስንበት ጧት አምስተኛው ላይ ደርሰው ነበር።