ስማችን አንድ ቢሆንም ቁጠባችን አይቀላቀልም

(የማኅበራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያቀረበችው ንግግር)



ሊቀመንበራችን «መዝገባችንን ከደብተር ወደ ዳታቤዝ እንዴት እንዳዛወርሽ ለእህቶችሽ በቀላሉ አስረጂ» ብለው አዘውኛል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ስሕተቴን ልናገር።

በመካከላችን ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆነ ሁለት እናቶች አሉ። ደብተሩን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የአንዷን የ3 ወር ቁጠባ በሌላዋ ገጽ ላይ ጻፍኩት። እኚያ እናት ለንግዳቸው ብድር በጠየቁ ጊዜ «ቁጠባዎ አልሞላም» አልናቸው። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ ለ2 ወርም ስብሰባ ቀሩ። ገንዘቡ አልጠፋም፤ የጠፋው የማን እንደሆነ ነው። በኋላ በእጃቸው ካለው የቁጠባ ደብተር ጋር ስናመሳክር ስሕተቱ ተገኘ፤ ይቅርታም ጠየቅኩ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። የተሳሳተ ጽሑፍም እንደሚወረስ ያን ቀን ገባኝ።

መጀመሪያ ሁሉንም በኤክሴል በአንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ጻፍኩት። አንዲት አባል በዓመት 12 ጊዜ ስትከፍል ስሟና ስልኳ 12 ጊዜ ይጻፋል። ስልኳን ስትቀይር በአንዱ ረድፍ አርሜ በሌላው እረሳለሁ። አንድ ጊዜ «ፀሐይ»፣ ሌላ ጊዜ «ጸሀይ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ለእኛ አንድ ሰው ነች፣ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት።

የዚህ መፍትሔ ሐሳብ የቆየ ነው። በአይቢኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 አሳትሞታል። ዛሬ የምንጠቀምበት ማይክሮሶፍት አክሰስም በዚያው ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱን ጉዳይ በየራሱ ሠንጠረዥ ጻፍ፤ ሠንጠረዦቹን ደግሞ በቁጥር አዛምድ።

ስለዚህ ለአባላት፣ ለቁጠባ፣ ለብድርና ለብድር ክፍያ የተለያዩ ሠንጠረዦች አዘጋጀን። የአባል ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ስልኳም ጭምር፣ በአባላት ሠንጠረዥ ብቻ አንድ ጊዜ ይጻፋል። እያንዳንዷ አባል የአባልነት ቁጥር አላት። ይህ ቁጥር አይደገምም፤ አባሏ ብትለቅም ለሌላ አይሰጥም። በቁጠባ ሠንጠረዥ ውስጥ ስም የለም፤ የአባልነት ቁጥር፣ ቀን፣ የብር መጠንና የደረሰኝ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

ይህን ዝምድና እንደ እናትና ልጅ እዩት። አንዲት እናት ብዙ ልጆች ይኖሯታል፤ እያንዳንዱ ልጅ ግን የወለደችው እናት አንድ ናት። ስለዚህ የእናቲቱን ቁጥር በልጁ ላይ እንጽፋለን። በአክሰስ ሠንጠረዦቹን ስናዛምድ ይህ ሕግ እንዲከበር ማዘዝ ይቻላል። ያን ጊዜ በአባላት መዝገብ በሌለ ቁጥር ቁጠባ ለመጻፍ ብንሞክር እምቢ ይላል፤ ቁጠባ ያላትን አባልም መሰረዝ አይፈቅድም። እናቲቱ ስትሰረዝ ልጆቹም አብረው እንዲሰረዙ የሚያደርግ ሌላ ምርጫ አለ፤ እሱን አልነካነውም። የለቀቀች አባል «ለቃለች» ተብላ ትመዘገባለች እንጂ ታሪኳ አይጠፋም።

ዋስትና ላይ ግን ተሳስቼ ነበር። በብድር ሠንጠረዥ ውስጥ «ዋስ 1፣ ዋስ 2፣ ዋስ 3» የሚሉ ዓምዶች ከፈትኩ። አራተኛ ዋስ ስትመጣ ቦታ የለም። «ይህች እህት ለስንት ሰው ዋስ ሆናለች?» ሲባልም ሦስቱንም ዓምዶች መፈለግ ነው። አንድ ብድር ብዙ ዋሶች አሉት፤ አንዲት አባልም ለብዙ ብድር ዋስ ትሆናለች። ለዚህ «ዋስትና» የተባለ ሠንጠረዥ በመካከል አስገባን፤ በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ የብድር ቁጥርና አንድ የአባልነት ቁጥር ብቻ ይጻፋል።

ሌሎችም ትንንሽ ነገሮች አሉ። ስልክ በቁጥር ዓምድ ከተጻፈ የፊተኛው ዜሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ በጽሑፍ ዓምድ አደረግነው። የአክሰስ የቀን ዓምድ የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ጳጉሜን አያውቅም፤ ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የቁጥር ዓምዶች እንጽፋለን፤ ወሩ ከ1 እስከ 13 ነው። የቁጠባ ድምርንም አንጽፍም፤ በተጠየቀ ቁጥር ከክፍያዎቹ ይደመራል። የተጻፈ ድምር ክፍያ ሲታረም ሳይታረም ይቀራልና።

ቅጹን ከመሥራቴ በፊት በስብሰባ ቀን ከገንዘብ ያዣችን አጠገብ ተቀምጬ አየሁ። መጀመሪያ ቁጥር ትጠይቃለች፣ ብሩን ትቆጥራለች፣ ከዚያ ደረሰኝ ትቆርጣለች። ቅጹም ይህንኑ ቅደም ተከተል ተከተለ። ስም አይጻፍም፤ ከዝርዝር ይመረጣል። ከላይ የአባሏ ስም ከነአያቷ ይወጣል፣ ከሥሩ የእሷ ቁጠባ ብቻ ይታያል። ገንዘብ ያዣችን ስሙን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ከፋይዋ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ካላለች አይመዘገብም። ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችንም በዚህ መዝገባቸውን ይቆጣጠራሉ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር አለ። «ስንት ሴቶች ተበደሩ?» ስትሉን ቀድሞ የምንቆጥረው ብድሩን ነበር፤ ሁለቴ የተበደረች ሁለት ሴት ትሆን ነበር። አሁን የምንቆጥረው ሰው ነው። ቁጥሩ ካለፈው ሪፖርት ቢያንስ ሥራችን ቀንሶ እንዳይመስላችሁ።

እህቶቼ፣ ኮምፒዩተሩ ሁሉን አይዝም። 47 በማለት ፈንታ 74 ብጽፍ፣ ሁለቱም አባላት ካሉ ይቀበለኛል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለውን የቁጠባ ደብተር አትጣሉት፤ በየስብሰባው አስሞሉት። የመዝገቡም ቅጂ ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ በሁለት ፍላሽ ይወሰዳል፤ አንዱ በተቆጣጣሪ ኮሚቴ እጅ ይቀመጣል።

እኚያ እናት ዛሬ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ይህን እንድናገር የፈቀዱልኝም እሳቸው ናቸው። «ሌላዋ እንዳታፍር ተናገሪው» አሉኝ።