ኆጻ በመስታወት ውስጥ

እርሱ፦ ከሐዋሳ ፒያሳ ተነሥቶ እስከ ሐይቁ የተንሸራሸረ ሰው፣ ሊቃውንቱ በግእዝ ኆጻ የሚሉትን አሸዋ ከዳር አፍሶ በዓሣ ማኖሪያ መስታወቱ ቢያነጥፍ ምን ነውር አለበት?

እርሷ፦ ነውርስ የለበትም፣ ወንድሜ፤ ነገር ግን ሐይቃችን በጥንታዊ እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ በመሆኑ፣ በአካባቢው ግንበኞች ፑሚስ የሚሉት ቀዳዳው የበዛ ቀላል ድንጋይ ስለማይታጣ፣ ምንጣፍ ይሆናል ያሉት እንደ ቡሽ ተንሳፍፎ ይቀራል።

እርሱ፦ የወንዝ አሸዋ ይሻላላ!

እርሷ፦ ይሻላል፣ ሳይፈተን ግን አይታመንም። አቼቶ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ ካወጣ፣ ኖራነት ስላለው የውሃውን ጠባይ ይለውጣል። ንጹሑንም በወንፊት ነፍተው፣ በባልዲ እያማሰሉና ድፍርሱን እየደፉ፣ ውሃው እንደ ጠበል ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ይጠቡት፤ ሳሙና ግን አደራ፣ አይንካው! ውፍረቱ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ከመጠን ከወፈረ አየር የማይደርሰው ሥሩ ይበሰብስና የተበላሸ እንቁላል የሚሸት መርዘኛ ጋዝ ያፈልቃል። ውሃውን ሲሞሉም በአሸዋው ላይ ሳህን አኑረው ቀስ ብለው ያንቆርቁሩ።

እርሱ፦ ይህን ሁሉ ድካም ዓሣው ያውቅልናል?

እርሷ፦ በራሱ መንገድ! ወንዱ ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ፣ በመራቢያው ጊዜ አሸዋውን በአፉ እያፈሰ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል፤ እናቲቱም ዕንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች።

እርሱ፦ እንግዲያ የደለደልኩት ሁሉ ሊፈርስ ነዋ!

እርሷ፦ ይፈርሳል እንጂ። ለነገሩ ቆሮሶ ለሳሎን መስታወት ይተልቃል፤ እርሱን በሐይቁ ዳር ላሉት የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ይተዉላቸው።