የተጫዋች ችሎታ በምን ይለካል?
በምሥራቅ ጎጃም፣ እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ ቅኔ ቤቶች፣ የተማሪው ደረጃ በቅኔው ይታወቃል፤ ጀማሪው ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፣ የበሰለው ባለ 8 ቤቱን መወድስ ያደርሳል።

በዚያው አካባቢ፣ ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ በስልኩ ቼዝ የሚጫወት ወጣት ደረጃ ግን የሚታወቀው በቁጥር ነው። የዚህ ዓይነቱን ስሌት መሠረት የጣሉት የፊዚክስ መምህሩ አርፓድ ኤሎ ናቸው፤ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል። ዋናው ነገር ስንት ጊዜ አሸነፈ ሳይሆን ማንን አሸነፈ ነው፦ አቻውን የረታ 10 ነጥብ ቢያገኝ፣ በ400 ነጥብ የሚበልጠውን የረታ 18 ያህል ያገኛል።

ብሪጅ በተባለው የካርታ ጨዋታ ግን ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚጫወቱ የአንዱን ችሎታ ከአጣማሪው ለይቶ መመዘን ይከብዳል።

ወጣቶች፣ ነጥባችን ይቀንሳል ብላችሁ ከደካማ ጋር ብቻ አትጋጠሙ፤ የሚያሳድጋችሁ የሚበልጣችሁ ነው።