አዲሱን ስልክ መግዛት ይገባናልን?



በሄርማታ ገበያ አዲስ ዓይነት ስልክ በታየ ቁጥር በእጃችን ያለው ወዲያው ያረጀ ይመስለናል። ዳሩ ግን ስልክ የሚያረጀው ታናሽ ስለ ተወለደለት አይደለም። እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ሦስት ነገር እንመርምር።

አንደኛ፤ የደከመው ባትሪው ብቻ ነውን? የአይፎን 14 ባትሪ 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከተሞላ በኋላ ከመጀመሪያ ኃይሉ 80 በመቶውን እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው። ድካሙ የባትሪ ከሆነ ባትሪውን መለወጥ ይበቃል።

ሁለተኛ፤ ስልኩ የደኅንነት ማሻሻያ ይደርሰዋልን? ሳምሰንግ በ2016 ዓ.ም. ላወጣው ጋላክሲ ኤስ 24 የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብቷል። ማሻሻያው በተቋረጠበት ስልክ በቴሌብር ገንዘብ ማንቀሳቀስ ግን ያሰጋልና፣ ያን መለወጥ ተገቢ ነው።

ሦስተኛ፤ ዋጋው ከማን አፍ ተነጥቆ ይከፈላል? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ተወድዷል። የቡና ገንዘብ ግን የሚገባው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የቤቱ ቀለብና የታናናሾቻችን ደብተርም እርሱኑ ይጠብቃሉ።

ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ካሜራው ጥቂት ስለ ጠራ ብቻ ወላጆቻችንን አናስጨንቅ። «ለምን አስፈለገህ?» ሲሉንም ቅር አይበለን፤ መልስ ያለው ልጅ ጥያቄ አይፈራምና።