ሦስት እጆችና አንድ ግንብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተፈጥሮ ሳይንስ ክበብ ስም በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ መተባበር እንድናገር ታዝዣለሁ። መተባበር መልካም መሆኑን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። የሚያስቸግረው እንዴት እንደሚተባበሩ ማወቁ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ የራሳችንን ጥፋት ልናገር።

አምና በሰኔ መጨረሻ ክበባችን በአቅራቢያችን ባለው ደብር አጸድ ውስጥ ችግኝ ተከለ። ቆፈርን፣ ተከልን፣ ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ወደየቤታችን ሄድን። በመስከረም ስንመለስ ከችግኞቹ የሚበዙት በከብት ተበልተው፣ የቀሩትም ተረግጠው አገኘናቸው። አዝነን ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ብንሄድ «ልጆቼ፣ ጠይቃችሁን ቢሆን ኖሮ ከብቱ በየት በኩል እንደሚገባ እንነግራችሁ ነበር» አሉን። የምንመልሰው ቃል አልነበረንም።

ከዚያ በኋላ መምህራችን በደቡብ ጎንደር ስለተሠራው ሥራ እንድናነብ መከሩን። በዚያ አገር የጥንቱ ደን ለእርሻና ለግጦሽ ተመንጥሮ፣ አገር በቀሉ ዛፍ በብዛት ተጠብቆ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቱ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የደን ሊቅ ስለ እነዚህ ደኖች አጥንተው በ2007 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቀረቡ። ከባልደረቦቻቸው ጋር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቈጠሩ። ይሁን እንጂ ሽማግሌው ዛፍ ቆሞ ሳለ የሚተካው ልጅ በብዙ ቦታ አልበቀለም ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ አንዱን ቦታ አጥረው፣ ሌላውን ክፍት ትተው አነጻጸሩ። በ2009 በታተመው ጥናታቸው እንደታየው፣ ከብት በማይደርስበት አጥር ውስጥ ችግኙ በተሻለ ሁኔታ በቀለ፣ አደገም። እኛ በአንድ ክረምት በኪሣራ የተማርነውን እነርሱ በልክና በቍጥር አሳዩ ማለት ነው።

ነገር ግን ጽሑፍ ብቻውን ላም አይመልስም። ዶክተር ማርጋሬት ሎውማን የተባሉ አሜሪካዊት የዛፍ ተመራማሪ «ትሪ ፋውንዴሽን» በተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ገንዘብ አሰባሰቡ። ሁለቱ ሊቃውንት ካህናቱን ጠርተው ከሰማይ የተነሣውን የአገሩን ሥዕል አሳዩአቸው። ካህናቱ ደናቸው በገላጣ መሬት መካከል ትንሽ ነጥብ ሆኖ መቅረቱን በዓይናቸው አዩ። ከዚያም በየደብሩ የድንጋይ ግንብ መሥራት ተጀመረ። ገበሬው ድንጋዩን ከእርሻው ለቅሞ አመጣ፤ በዚህም እርሻው ለማረስ ቀና፣ ደኑም ታጠረ።

እንግዲህ ሦስቱን እጆች እንመልከት። ዩኒቨርሲቲው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሥራው በመጻሕፍት ቤት መደርደሪያ ላይ በቀረ ነበር። ድርጅቱ ብቻውን ግንቡን ቢሠራ፣ አንድ ድንጋይ በወደቀ ጊዜ ማን ያነሣዋል? ቤተ ክርስቲያኗም ደኑን ለዘመናት በክብር ጠብቃ አቆይታለች፤ ነገር ግን ለግንቡ የሚሆን ገንዘብና ጉዳቱን የሚለካ መሣሪያ አልነበራትም።

ይሁንና ሦስቱ እኩል አይደሉም። የተማሪው ጥናት ያልቃል፤ የድርጅቱም በጀት ዓመቱ ሲያልፍ ይዘጋል። የሚቀረው ደብሩና ሕዝቡ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ቃል መናገር የሚገባው የሚቀረው ወገን ነው እላለሁ። ይህም ግዴታን ያስከትላል። ባለቤት የሆነ ወገን የተሰጠውን ገንዘብ በግልጽ ሊቈጣጠርና ሊያሳውቅ፣ ሊቁም ደስ የማያሰኝ ነገር ሲነግረው ሊሰማ ይገባዋል። ለምሳሌ ለገቢ ተብሎ የሚተከለው ባሕር ዛፍ የአገር በቀሉን ዛፍ ቦታ ሲይዝ ዝም ማለት ወዳጅነት አይደለም።

ዘንድሮ ክበባችን መቆፈሪያ ከማንሣቱ በፊት ወደ ደብሩ ሄዶ ጠይቋል። አስተዳዳሪውና የሰበካ ጉባዔው ከብቱ የሚገባበትን ክፍተት አሳይተውናል። እኛም ችግኙን በየወሩ ቈጥረን፣ የደረቀውንም ሳንደብቅ ለመጻፍ ቃል ገብተናል። በክረምቱ ዕረፍትም ተራ ወጥቶልናል። ሙስሊም ጓደኞቻችንም ለመስጊዳቸው ግቢ እንዲህ ያለ ሥራ ቢያስቡ ክበባችን ከሽማግሌዎቻቸው ፈቃድ ጋር ያግዛል።

ከእናንተ ከወላጆቻችን የምንለምነው ብዙ አይደለም። በየግቢያችሁ ያለ ሥራ የተቀመጠ ድንጋይ ካለ ስጡን፤ ክፍተቱ እንዲዘጋም አንድ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ዋሉ። በመጪው መስከረም ችግኞቹ ቆመው ከተገኙ ምስጋናው የሁላችን ነው፤ ካልቆሙም ምክንያቱን በዚሁ መድረክ ላይ ቆመን እንናገራለን።