እንግዳ ሆኖ መጥቶ አባት የሆነ
(በኢዮቤልዩ በዓላችን ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በጊጊሪ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤትና ብዙ ኤምባሲዎች በሚገኙበት ሰፈር፣ ሁላችንም እንግዶች ነን። ስለዚህ በዛሬው ዕለት ራሱ በባዕድ አገር የኖረውን የመጀመሪያ ጳጳሳችንን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ልናስታውስ ወደድን።

ፍሬምናጦስና ወንድሙ ኤዴስዮስ የጢሮስ ልጆች ነበሩ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዘመዳቸው ከሜሮፕዮስ ጋር ሲጓዙ መርከባቸው ወደብ ላይ ተጠቃች። ሁለቱ ልጆች ብቻ ተርፈው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ የንጉሡ ጸሐፊና ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኑ። ንጉሡ ሲሞት ነጻ ቢለቃቸውም፣ ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ እንዲያግዟት ለምና አስቀረቻቸው። በዚህን ጊዜ ፍሬምናጦስ ለንግድ የመጡትን ክርስቲያኖች ፈልጎ የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያበጁ አደረገ። እንግዲህ በአክሱም ጳጳስ ከመሾሙ አስቀድሞ የእንግዶች ጉባኤ ነበረ ማለት ነው።

አልጋ ወራሹ ሲያድግ የወንድማማቾቹ መንገድ ተለያየ። ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመልሶ ቅስና ተቀበለ። ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ወርዶ ለምእመናኑ ጳጳስ እንዲላክላቸው ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ጠያቂውን ራሱን ሾሞ ላከው። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ተቀበለ፤ በሳንቲሞቹ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት በመስቀል ተተካ። ከዚያ ወዲህ ለ1600 ዓመታት ገደማ ጳጳስ የሚመጣልን ከእስክንድርያ ነበር፤ የራሳችንን ፓትርያርክ ያገኘነው በ1951 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡም ያንን የጢሮስ ሰው «አባ ሰላማ»፣ «ከሣቴ ብርሃን» ብሎ ሰየመው። ዕረፍቱንም ፍልሰታ ሊገባ 5 ቀን ሲቀረው፣ ሐምሌ 26 ቀን ያከብራል።

ለመሆኑ ታሪኩን ማን ነገረን? የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ ከኤዴስዮስ አፍ ሰምቶ የጻፈው ነው። የቀረው ወንድም ሠራ፤ የተመለሰው ወንድም መሰከረ።

በእኛም መካከል ነገ የሚመለሱ አሉ፤ ልጅ ወልደው እዚሁ የሚቀሩም አሉ። «ለምንለቀው አገር ምን አደከመን?» የሚል ቃል በስብሰባችን ተሰምቶ ያውቃል፤ ብለነዋልም። በዚህ የተነሣ የልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት ተጀምሮ ሲቋረጥ አይተናል። ፍሬምናጦስም ነጻ ከወጣ በኋላ እንዲህ ሊል ይችል ነበር። እንዲያ ቢል ኖሮ ዛሬ የምንዘክረው አባት ባልኖረን።

ጠበል ጸዲቁ፣ ዝክሩ መልካም ነው። ቅዱሱን በእውነት የምናከብረው ግን ሥራውን ስንሠራ ነውና፣ የልጆቹን ትምህርት ከመጪው ቅዳሜ ጀምረን እንድንመልሰው አደራ እንላለን። የሚቀር ያስተምር፤ የሚመለስም ያየውን ይመስክር።

የአባ ሰላማ በረከት አይለየን።