የየቲሙ አበል ሲቆም



  የዛሬው ንግግሬ ስለ የቲም ነው። "ስለ የቲም ብዙ ሰምተናል" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ስለ ሕፃኑ የቲም ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ ላነሳው የምፈልገው ግን ድምፁ የጎረነነውን፣ ጢም ማብቀል የጀመረውንና 18 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት የቀሩትን የቲም ነው።

ባለፈው ዓመት እዚህ ሶዶ የዐስር ሰላት ሰግደን ከመስጊድ ስወጣ አንዲት እናት ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ባለቤቷ በዞናችን ከሚገኙት የገጠር ወረዳዎች በአንዱ አስተማሪ ነበር፤ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በእጇ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዛለች። "ኡስታዝ፣ ልጄ በሚቀጥለው ወር 18 ይሞላዋል፤ አበሉ ይቆማል አሉኝ። ገና አሥረኛ ክፍል ነው። እርስዎና ሁለት ሽማግሌዎች '16 ዓመቱ ነው' ብላችሁ ብትፈርሙልኝ ሁለት ዓመት አገኝ ነበር" አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁና ወዲያው "አይሆንም" አላልኳትም። በሐሰት መመስከር ከከባባዶቹ ወንጀሎች መሆኑን ሚንበር ላይ ወጥቼ የምናገር ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ሴትዮዋን አውቃታለሁ። ገበያ ዳር ጎደሬና ስኳር ድንች ቸርችራ ሁለት ወንዶች ልጆች የምታሳድግ፣ የማንንም እጅ የማታይ ሴት ናት። በመጨረሻ አልፈርምም አልኳት። ምንም ሳትመልስ ወረቀቷን ጠቅልላ ሄደች። እኔም ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እምቢ ማለት ለእኔ ቀላል ነበር፤ ልጁ ግን ከወር በኋላ በምን ይማራል?

በማግስቱ አስጠራኋትና የመሥሪያ ቤት ሥራ ከሚያውቅ አንድ የጀማዓችን ወንድም ጋር ሆነን ወረቀቶቿን አየን። ያን ጊዜ ነው እሷ ምን ያህል ጨለማ ውስጥ እንደነበረች የገባኝ። የታላቁ ልጅ 18 ሲሞላ የታናሹም፣ የራሷም አበል አብሮ የሚቆም መስሏት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገንዘቡን ስትወስድ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ የማን መቼ እንደሚያበቃ ቁጭ አድርጎ የነገራት ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 አንድ ሠራተኛ ሲሞት ለሚስቱ የጡረታውን 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጁ ደግሞ 20 በመቶ ይሰጥ ነበር። ይህ የተተኪ አበል ይባላል። የሟቹ ጡረታ 1,000 ብር ቢሆን ለእናትየዋ 500፣ ለሁለቱ ልጆች 200፣ 200 ማለት ነው። ታላቁ 18 ሲሞላ የእሱ 200 ይቀራል፤ የእናትየውና የታናሹ 700 ግን ይቀጥላል። አዋጁ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል፤ የግል ድርጅት ሠራተኞችም የራሳቸው አዋጅ አላቸው። የልጅ አበል በ18 ዓመት የሚያበቃ መሆኑ ግን እንዳለ ነው። ልጁ አሥረኛ ክፍል ይሁን ስምንተኛ፣ ሕጉ የሚያየው የልደት ቀኑን ነው። እኛ አገር ደግሞ ልጅ ዘግይቶ ትምህርት ቤት ይገባል፣ በመሐል ያቋርጣል፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ አበሉ ከትምህርቱ ቀድሞ ያልቃል።

የአካል ጉዳት ያለበትን ልጅ በተመለከተ የ2003ቱ አዋጅ ዕድሜውን እስከ 21 ያራዝም ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ቤተሰቦች የሐኪም ቦርድ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ልጁ 18 ሳይሞላው ወደ ጡረታ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ከቆመ በኋላ ማስቀጠል ሳይቆም ከማስቀጠል ይከብዳል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ከሽማግሌዎቻችን መካከል የልጅን ዕድሜ በሒጅራ የሚቆጥሩ አሉ። የሒጅራ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ 18 ዓመት ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ስድስት ወር ተኩል ይሆናል። ጽሕፈት ቤቱ የሚቆጥረው በሒጅራ አይደለምና ቆጠራችሁን እንዳታምታቱ። ዕድሜ በማሳነስ የሚገኝ ነገር እንዳለ የሚመስላቸውም ይስሙኝ። ልጁ በጡረታው መዝገብ 16፣ በትምህርት ቤቱ መዝገብ 18 ከሆነ፣ ነገ መታወቂያ ሲያወጣ፣ ፋይዳ ሲመዘገብ፣ ሥራ ሲያመለክት ያ ሁለት ዓመት ይከተለዋል። የተበደረው ልጁ፣ የሚከፍለውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ዲናችን እንምጣ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላ የቲም እንደማይባል አስተምረዋል። ቡሉግ የሚታወቀው በምልክቶቹ ነው፤ ምልክት ባይታይ በሻፊዒይ መዝሀብ በ15 የሒጅራ ዓመት ይወሰናል፤ አቡ ሐኒፋ ለወንድ 18፣ ለሴት 17 ብለዋል። ስለዚህ ልጁ ሰላትና ጾም ግዴታ የሆነበት መንግሥት ለአካለ መጠን ደረሰ ከማለቱ በፊት ሊሆን ይችላል። ሆኖም በሱረቱ ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) በቡሉግ ብቻ አላቆመም። የቲሞችን ለጋብቻ እስኪደርሱ ድረስ እንድንፈትናቸው፣ ቅን አስተዋይነትን ባየንባቸው ጊዜ ገንዘባቸውን እንድንሰጣቸው፣ ያደጉብን እንደሆነ ብለን ተሽቀዳድመን እንዳንበላባቸው፣ ስናስረክብም ምስክር እንድናቆም አዟል። ዑለማዎች ይህን አስተዋይነት ሩሽድ ይሉታል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ሩሽድ ያልታየበት ወጣት እስከ 25 ዓመቱ ገንዘቡ እንዲያዝለት ፈቅደዋል። ዕድሜ በራሱ ቀን ይሞላል፤ ሩሽድ ግን ካላስተማሩት አይመጣም።

"እንድንፈትናቸው" የሚለውን ልብ በሉልኝ። ፈተናው የሚጀምረው 18 በሞላ ማግስት አይደለም። ልጁ 14 ወይም 15 ሲሆነው "ይህ አባትህ ሠርቶ ያቆየልህ ነው፤ በወር ይህን ያህል ነው፤ በዚህ ዓመት በዚህ ወር ያበቃል" ሊባል ይገባዋል። ደብተርና ጫማውን ራሱ ይግዛ፤ መልሱን ያምጣ፤ ያባከነ እንደሆነ ይታይ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው የቲም ነበሩ፤ በልጅነታቸው የመካ ሰዎችን በጎች በክፍያ ጠብቀዋል፣ አጎታቸው አቡ ጧሊብ ለንግድ ሲወጡ ይዘዋቸው ሄደዋል።

እዚህ ላይ ለአጎቶችና ለሞግዚቶች የምለው አለኝ፤ ቅር አይበላችሁ። እናትም አባትም የሞቱበትን ልጅ አበል ለዓመታት ተቀብሎ ከሱቁ ገንዘብ ጋር ቀላቅሎ የኖረ ሰው አውቃለሁ። ልጁ 18 ሲሞላው "የኔስ?" ቢለው "በልተኸው የለም እንዴ!" አለው። ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ይበላል፣ ይለብሳል፣ ይታመማል። ግን በምን ይታወቃል? ሀብታም ሞግዚት ከየቲም ገንዘብ እንዲታቀብ፣ ድኻው በአግባብ እንዲበላ ቁርኣን ፈቅዷል፤ አግባቡ የሚለየው በጽሑፍ ነው። አንድ ደብተር ግዙ። የገባውን በዚህ፣ የወጣውን በዚያ ጻፉ። አጎትየው ደብተር ቢኖረው ኖሮ ምናልባት እሱ ነጻ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ግን ሁለቱ ሰላምታ የላቸውም። ሌላም አለ፤ የልጅ አበል ውርስ አይደለም። ለቤተዘመድ አይከፋፈልም፤ ለማን እንደሚሰጥ የጡረታው ሕግ ወስኖታል። በሞግዚትነት ላይ ክርክር ካለ በ1992 ዓ.ም. አዋጅ የተጠናከሩት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ያዩታል።

የጡረታ አበል የሌለው የገጠሩ ቤተሰብ ጉዳይም ከዚህ አይርቅም። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ወላይታም ከታቀፉት አካባቢዎች አንዷ ነበረች። በዚያ አሠራር ሠርቶ የሚያድር አዋቂ የሌለበት ቤት፣ ለምሳሌ አንዲት አያትና የልጅ ልጇ፣ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ልጁ 18 ሞልቶት ጤነኛ ከሆነ ግን ቤቱ ጉልበት እንዳለው ተቆጥሮ ወደ እርከንና መንገድ ሥራ ይዛወራል። አያትየው "ስሜ ተሰረዘ" ብላ ታለቅሳለች፤ ልጁም ተናዶ ሊስትሮ ሊሠራ አዲስ አበባ ይሄዳል። ቀድሞ የነገረው ቢኖር ኖሮ ከእሱ የሚጠበቀውን ያውቅ ነበር። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም እንዲሁ ነው፤ በወላጅ መዋጮ የሚታከመው ከ18 ዓመት በታች ያለው ልጅ ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው ለብቻው ይዋጣልና ደብተሩ ሲታደስ አረጋግጡ።

ይህን ሁሉ ስል የራሳችንን ቤት አልረሳሁም። በመስጊዳችን የየቲሞች መዝገብ አለ። ከዚያች እናት ጋር ከተነጋገርን በኋላ መዝገቡን ገልጬ ሳይ፣ እኛም የልጁን ስም ልንሰርዝ አስበን ነበር፤ በዚያው ወር። ምክንያታችን "ከእንግዲህ የቲም አይደለም" የሚል ነው። በፊቅህ ልክ ነን። ግን ትናንት የቲም የነበረው ዛሬ ፈቂር ነው፤ በዘካ ተቀባዮች መካከል ደግሞ ለፈቂር የዕድሜ ገደብ አልተቀመጠለትም። መንግሥት እጁን በሚሰበስብበት ቀን እኛም አብረን የምንሰበስብ ከሆነ ልጁ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የቲም ሆነ ማለት ነው። ለኮሚቴው ይህንኑ አቀረብኩ። ሁለት ስብሰባ ፈጀ፤ "ለሕፃናቱ አይበቃም" ያሉ ወንድሞች ነበሩ፤ ክርክራቸውም ከንቱ አልነበረም። በመጨረሻ ስሙ ከየቲሞች ገጽ ወጥቶ በሌላ ገጽ ተጻፈ፤ 12ኛ ክፍል እስኪጨርስ ድረስ፣ ቀድሞ ከሚያገኘው በግማሽ።

ልጁ አሁን 11ኛ ክፍል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ብረታ ብረት ሠራተኛ ዘንድ ይውላል፤ የቀረውን ግማሽ በዚያ ይሞላል። እናትየው ደብተር ገዝታለች። በሽፋኑ ጀርባ ላይ የታናሹ ልጅ 18 የሚሞላበት ወርና ዓመት በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ የጻፈው ራሱ ታናሹ ነው።